ቫይረስን የለዩት የትምባሆ ነጋዴው ልጅ

በርበሬ፣ ቲማቲም ወይም ድንች የሚያመርት አርሶ አደር ይህን ያውቀዋል። ችግኙ ጸድቆ፣ ማሳው አረንጓዴ ለብሶ ሳለ በአንድ ጥግ የሚገኙ ጥቂት ተክሎች ቅጠላቸው ይዥጎረጎራል፤ አንዳንዱም ይጨማደድና ወደ ላይ ይጠቀለላል። ቅጠሉ ሲገለበጥ ከሥሩ ክሽክሽ ወይም ነጭ ዝንብ ተከማችቶ ይታያል። በሽታ የሌለበት ጎረቤቱ ተክል ላይ ግን ነፍሳቱ ጥቂት ናቸው። ብዙዎቻችን ነፍሳቱ ስለበዙ ተክሉ ታመመ ብለን እንደመድማለን። ዛሬ ሳይንስ የደረሰበት እውነት ግን ነገሩ በተቃራኒውም እንደሚሠራ ያሳያል፤ ተክሉ አስቀድሞ ስለታመመ መከላከያው ላልቶ ነፍሳቱ ሊበዙበት ይችላሉ።

ይህ ዕውቀት በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት ቫይረስ የሚባለውን ነገር ከባክቴሪያ ለይተው ለዓለም ያስተዋወቁ አንድ የኔዘርላንድስ ሊቅ ነበሩ። እኒህ ሰው ከቫይረሱ በተጨማሪ ነፍሳት የተክልን አካል እንዴት እንደሚያዛቡ፣ እንዲሁም ባቄላና አተር መሬትን እንዴት እንደሚያለሙ መርምረዋል። ስማቸው ማርቲኑስ ቤየሪንክ ይባላል። በዛሬው ዝግጅታችን የእኒህን ሰው ሕይወትና ሥራቸው ለማሳችን ያለውን ትርጉም እንዳስሳለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የከሰረ ነጋዴ ልጅ

ማርቲኑስ ቤየሪንክ እ.አ.አ መጋቢት 16 ቀን 1851 በአምስተርዳም ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የትምባሆ ነጋዴ ነበሩ። ንግዱ ግን አልቀናቸውም፤ ከስረው ቤተሰቡን ይዘው ከአምስተርዳም ለቀቁ፣ በባቡር ድርጅት ውስጥም በጸሐፊነት ተቀጠሩ። የቤት ችግር ስለነበረ ልጁ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ፊደልና ሒሳብ ያስተማሯቸው አባታቸው በቤት ውስጥ ነበር። መደበኛ ትምህርት ቤት የገቡት አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ነው።

ዘግይተው ቢጀምሩም በፍጥነት ደረሱ። በተለይ የዕፅዋት ፍቅር ያደረባቸው ገና በልጅነታቸው ነው። በየሜዳው እየዞሩ ዕፅዋትን ይሰበስቡ፣ ያደርቁ፣ በስም በስማቸው ይለዩ ነበር። በዚህም በወጣትነታቸው ሽልማት አግኝተዋል። ወደ ከፍተኛ ትምህርት ሲያልፉ የቤተሰቡ አቅም አልፈቀደም፤ ወጪያቸውን የሸፈኑላቸው አንድ አጎታቸው ናቸው። በዚህ ድጋፍ በዴልፍት ከተማ በሚገኘው ፖሊቴክኒክ የኬሚስትሪ ቴክኖሎጂ አጥንተው በ1872 ተመረቁ።

በዴልፍት ሳሉ አብሯቸው የሚማር አንድ ጓደኛ ነበራቸው፤ ያኮቡስ ቫንት ሆፍ ይባላል። ሁለቱ ወጣቶች በማደሪያቸው ሳይቀር የኬሚስትሪ ሙከራ ይሠሩ ነበር። ያ ጓደኛቸው ኋላ በ1901 የመጀመሪያው የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸላሚ ለመሆን በቅቷል።

ከምረቃ በኋላ ቤየሪንክ ኑሯቸውን ለመደገፍ መምህር ሆኑ። ከዚያም በቫኽኒንገን ከተማ በሚገኘው የግብርና ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ። በማስተማሩ ጎን ለጎን በላይደን ዩኒቨርሲቲ የጀመሩትን ጥናት ቀጥለው በ1877 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ነፍሳት ተክልን እንዴት ያዛሉ?

የዶክትሬት ጥናታቸው ርዕስ ለገበሬ እንግዳ አይደለም። በዛፍ ቅጠልና ቅርንጫፍ ላይ አንዳንድ ጊዜ ክብ ክብ ዕባጭ ይታያል። ዕባጩን ቢሰነጥቁት ከውስጡ ትንሽ ትል ይገኛል። ቤየሪንክ የመረመሩት ይህን ነው። ትንሿ ተርብ መሰል ነፍሳት እንቁላሏን በተክሉ ውስጥ ትጥላለች፤ ተክሉም ለራሱ ቅጠል ወይም ፍሬ ማብቀል ሲገባው ለጠላቱ ልጅ ቤትና ምግብ ይሠራል።

ቤየሪንክ የዕባጮቹን አመሠራረት ደረጃ በደረጃ ተከታተሉ። ከነፍሳቱ የሚወጣ አንድ ነገር የተክሉን ዕድገት አቅጣጫ እንደሚያስለውጥ አመለከቱ። ተክል ዝም ብሎ የሚበላ ነገር አይደለም፤ ለሚደርስበት ሁሉ መልስ ይሰጣል፣ ጠላቱም ያንን መልስ ለራሱ ጥቅም ሊያጣምመው ይችላል። ይህ ሐሳብ በዚያን ዘመን አዲስ ነበር። ይህን ሐሳብ አንባቢ እንዲይዝልን እንፈልጋለን፤ ኋላ ተመልሰን እንመጣበታለን።

የቫኽኒንገን ገበሬዎች ጭንቀት

በዚያ ዘመን በቫኽኒንገን አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ትምባሆ ያመርቱ ነበር። ምርታቸውን የሚያጠፋ አንድ በሽታ ግን መግቢያ መውጫ አሳጣቸው። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴና ነጣ ያለ አረንጓዴ እየሆነ ይዥጎረጎራል፣ ይኮማተራል፣ በመጨረሻም ለገበያ አይበቃም። ገበሬዎቹ አቤቱታቸውን ለግብርና ምርምር ጣቢያው ኃላፊ ለአዶልፍ ማየር አቀረቡ። ማየር በ1879 ጥናቱን ጀመሩ።

ማየር አፈሩን መረመሩ፣ ማዳበሪያውን፣ ሙቀቱንና ብርሃኑን ፈተሹ፤ ምክንያቱን ግን አላገኙም። ከዚያም የታመመ ቅጠል ጨምቀው ጭማቂውን በጤነኛ ተክል ውስጥ ቢያስገቡት ጤነኛው ታመመ። በሽታው የአፈር ድህነት ወይም የማዳበሪያ እጥረት ሳይሆን ተላላፊ መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። ማየር ውጤቱን በ1886 ሲያሳትሙ ተጠያቂው ባክቴሪያ ሳይሆን አይቀርም ብለው ገመቱ።

የሥራ ባልደረባቸው ቤየሪንክ ያን ባክቴሪያ እንዲፈልጉ ተጠየቁ። ፈለጉ፤ አላገኙም። ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩን እዚያው ይተወው ነበር። ቤየሪንክ ግን ጥያቄውን በልባቸው ይዘው ለአሥር ዓመት ያህል ቆዩ። አባታቸው በትምባሆ ንግድ ከስረው ነበር፤ ልጁ ደግሞ የትምባሆን ደዌ ለማወቅ ዕድሜያቸውን ሰጡ።

ከፋብሪካ እስከ ባቄላ ሥር

በ1885 ቤየሪንክ የማስተማር ሥራቸውን ትተው በዴልፍት ወደሚገኝ የእርሾና የአልኮል ፋብሪካ በተመራማሪነት ገቡ። ፋብሪካው ቤተ ሙከራ ሠራላቸው፣ የራሳቸውን ምርምር እንዲያካሂዱም ጊዜ ፈቀደላቸው። ከዚያ ፋብሪካ ነው ለዓለም ገበሬ ሁሉ የተረፈ ግኝት የወጣው።

አባቶቻችን ባቄላ፣ አተር ወይም ሽምብራ በተዘራበት መሬት ላይ በማግስቱ ዓመት ስንዴ ወይም ጤፍ ቢዘሩ ምርቱ እንደሚያምር ያውቃሉ። ምክንያቱ ለረጅም ዘመን ምሥጢር ነበር። በ1880ዎቹ የጀርመን ተመራማሪዎች ሄልሪገልና ቪልፋርት ጥራጥሬ ከአየር ውስጥ ናይትሮጂን እንደሚያገኝ፣ ይህም በሥሩ ላይ ከሚታዩት ትንንሽ ዕባጮች ጋር እንደሚያያዝ አሳዩ። ቤየሪንክ ደግሞ በ1888 ከእነዚያ የሥር ዕባጮች ውስጥ ባክቴሪያውን ለብቻው አውጥተው በቤተ ሙከራ አሳደጉት።

ዛሬ በአገራችን አርሶ አደሩ የባቄላና የሽምብራ ዘርን አሽቶ የሚዘራው ሕያው ማዳበሪያ መነሻው ይህ ሥራ ነው። ባክቴሪያው ለብቻው ወጥቶ ሊራባ እንደሚችል ባይታወቅ ኖሮ በከረጢት አሽጎ ለገበሬ ማድረስ አይቻልም ነበር።

ሸክላው ያላስቀረው በሽታ

በ1895 ቤየሪንክ በተማሩበት በዴልፍት ፖሊቴክኒክ ፕሮፌሰር ሆኑ። የዕፅዋት ማሳደጊያ የመስታወት ቤት ሲሠራላቸው በ1897 ወደ ቀድሞው የትምባሆ ጥያቄያቸው ተመለሱ።

ያደረጉት ሙከራ ቀላል ይመስላል። የታመመ ቅጠል ጨመቁ። ጭማቂውን ባክቴሪያ በማያሳልፍ እጅግ ደቃቅ ቀዳዳ ባለው የሸክላ ማጣሪያ አሳለፉት። የተጣራው ፈሳሽ ንጹሕ ሆኖ ወጣ፤ ባክቴሪያ የለበትም። ነገር ግን ያው ንጹሕ ፈሳሽ በጤነኛ ተክል ውስጥ ሲገባ ተክሉ ታመመ። በሽታው ማጣሪያውን አልፏል ማለት ነው።

ይህን ያህሉን ሩሲያዊው ዲሚትሪ ኢቫኖቭስኪ በ1892 አስቀድመው አይተውት ነበር። ኢቫኖቭስኪ ግን ነገሩ ከባክቴሪያ የሚወጣ መርዝ ወይም በጣም ትንሽ ባክቴሪያ ነው ብለው አሰቡ። ቤየሪንክ የኢቫኖቭስኪን ሥራ ሳያውቁ ነበር የጀመሩት፤ ኋላ ሲነገራቸው ቀዳሚነቱን አምነው ተቀብለዋል። ልዩነቱ ቤየሪንክ አንድ እርምጃ አልፈው መጠየቃቸው ነው፤ ነገሩ መርዝ ነው ወይስ ይራባል?

መርዝ ከሆነ ከተክል ወደ ተክል ሲተላለፍ እየቀጠነ ሄዶ ኃይሉ ማለቅ አለበት። ከታመመው ተክል ጭማቂ ወስደው ሁለተኛውን አሳመሙ፤ ከሁለተኛው ወስደው ሦስተኛውን፤ እንዲህ እያሉ ቀጠሉ። ኃይሉ አልቀነሰም። አንዲት ጠብታ ብዙ ተክል ለማሳመም በቃች። ስለዚህ ነገሩ በተክሉ ውስጥ ይራባል። በብልቃጥ ውስጥ ብቻውን ሲቀመጥ ግን አይራባም። የሚራባው በሚያድገው ለጋ የተክል ክፍል ውስጥ ብቻ ነው። አርጅቶ የጠነከረ ቅጠል ላይ ምልክቱ አይወጣም፤ አዲስ በሚወጣው ለጋ ቅጠል ላይ ግን ጎልቶ ይታያል። የደረቀ የታመመ ቅጠልም ቢሆን የማሳመም ኃይሉን ይዞ እንደሚቆይ፣ ጭማቂው ሲፈላ ግን ኃይሉ እንደሚጠፋ ተመለከቱ።

በ1898 ውጤታቸውን አሳተሙ። ይህን አዲስ ዓይነት በሽታ አምጪ ሕያው ተላላፊ ፈሳሽ ብለው ሰየሙት፣ ቫይረስ በሚለው ጥንታዊ የላቲን ቃልም ጠሩት። ቃሉ ቀድሞ መርዝ ማለት ነበር፤ ዛሬ በዓለም ሁሉ የምንጠቀምበትን ትርጉም ይዞ የተስፋፋው ከእሳቸው ሥራ በኋላ ነው። ቫይረስ ፈሳሽ ነው ማለታቸው ትክክል አልነበረም፤ በ1935 አሜሪካዊው ዌንዴል ስታንሊ ያንኑ የትምባሆ ቫይረስ እንደ ጨው ቅንጣት አድርገው ለይተው ሲያወጡት ደቃቅ ጠጣር ነገር መሆኑ ታወቀ። ሆኖም ቫይረስ ከባክቴሪያ የተለየ ነገር እንደሆነና ሕያው ተክል ውስጥ ካልሆነ እንደማይራባ በመናገር ቤየሪንክ ትክክል ነበሩ።

ብቸኛው ፕሮፌሰር

ቤየሪንክ ለሥራቸው የተሰጡ፣ ለሰው ግን አስቸጋሪ ነበሩ። ትዳር አልመሠረቱም። ሳይንስና ትዳር አብረው አይሄዱም ብለው ያምኑ ስለነበር ተማሪዎቻቸው ሲያገቡ አይወዱም። በቤተ ሙከራ ስሕተት ሲያዩ ይቆጣሉ፤ ብዙ ተማሪዎች ይፈሯቸው ነበር። አብረዋቸው የኖሩት እህቶቻቸው ናቸው።

ያም ሆኖ የተዉት የአሠራር ዘዴ እስከ ዛሬ አገልግሎት ላይ ነው። ከአንድ ጭብጥ አፈር ውስጥ ካሉት እልፍ ተሕዋስያን መካከል የሚፈልጉትን አንዱን ለማግኘት እየለቀሙ አይፈልጉም። ይልቁንም እሱ ብቻ ሊኖርበት የሚችል ምግብና ሁኔታ አዘጋጅተው እሱው ራሱ እንዲበዛ ያደርጉ ነበር። በዚህ ዘዴ በ1901 ከጥራጥሬ ሥር ውጭ በአፈር ውስጥ ለብቻው እየኖረ ናይትሮጂን የሚይዝ አዞቶባክተር የተባለ ባክቴሪያ አሳውቀዋል። በ1905 በጥቃቅን ተሕዋስያን ጥናት ከፍተኛ የሆነው የሌቨንሁክ ሜዳልያ ተሰጣቸው።

በ1921 ሰባ ዓመት ሲሞላቸው በሕጉ መሠረት ጡረታ ወጡ። ዴልፍትን ለቀው ከእህቶቻቸው ጋር ኾርሰል ወደምትባል የገጠር ቀበሌ ሄዱ። በዚያም በልጅነታቸው ወደወደዷቸው ዕፅዋት ተመለሱ። እ.አ.አ ጥር 1 ቀን 1931 በሰማንያ ዓመታቸው መዳረሻ ላይ አረፉ።

ሁለቱ ጥያቄዎች ሲገናኙ

ቤየሪንክ በወጣትነታቸው ነፍሳት ተክልን ለራሳቸው ጥቅም እንዴት እንደሚያጣምሙት ጠየቁ። በጎልማሳነታቸው ቫይረስ በተክል ውስጥ እንዴት እንደሚኖር ጠየቁ። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስተሳስረውን ሦስተኛ ጥያቄ ግን አልደረሱበትም። ለዚህም ምክንያት አለ። የትምባሆው ቫይረስ በዋናነት የሚተላለፈው በነፍሳት ሳይሆን በሰው እጅ፣ በመሣሪያና በንክኪ ነው። አብዛኞቹ የተክል ቫይረሶች ግን ከታመመው ወደ ጤነኛው የሚያደርሳቸው ነፍሳት ይፈልጋሉ።

ይህን ለአፍሪካ ገበሬ ግልጽ ካደረጉት አንዱ እንግሊዛዊው ሃሮልድ ስቶሪ ናቸው። በ1920ዎቹ በደቡብ አፍሪካ በቆሎን በመስመር የሚያነጣው በሽታ በትንሽ ቅጠል ላይ ዘላይ ነፍሳት እንደሚተላለፍ አሳዩ። ኋላም በዛሬዋ ታንዛኒያ በአማኒ የምርምር ጣቢያ ሥራቸውን ቀጠሉ። ከእነዚያ ዘላይ ነፍሳት መካከል አንዳንዶቹ በተፈጥሯቸው ቫይረሱን ማስተላለፍ የሚችሉ፣ ሌሎቹ የማይችሉ መሆናቸውን፣ ይህም ከወላጅ ወደ ልጅ እንደሚወርስ ደረሱበት።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዕውቀት የዛሬው ዋና ነጥባችን ነው። ተክል ነፍሳት ሲነክሱት ወይም ሲመጡት ዝም አይልም። ጃስሞኒክ አሲድ የተባለ የውስጥ መልእክተኛ ያመነጫል። ይህ መልእክት በተክሉ ውስጥ ሲዳረስ ተክሉ ለነፍሳት የማይስማሙ ቅመሞችን ይሠራል፣ ምግቡን ለመፍጨት የሚያስቸግር ያደርጋል፣ ነፍሳትን የሚያርቅ ሽታም ያወጣል። ለበሽታ አምጪ ተሕዋስያን ደግሞ ሳሊሲሊክ አሲድ የሚባል ሌላ መልእክተኛ አለው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ እንደ ሚዛን ናቸው፤ አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ይላል። ስለዚህ ቫይረስን ሲዋጋ የቆየ ተክል ለነፍሳት የሚኖረው መከላከያ ሊሳሳ ይችላል።

አንዳንድ ቫይረሶች ደግሞ ከዚህም ያልፋሉ፤ ራሳቸው በሚሠሩት ፕሮቲን የጃስሞኒክ አሲዱን መልእክት በቀጥታ ያፍናሉ። የቻይና ተመራማሪዎች በነጭ ዝንብ የሚተላለፍ የቲማቲም ቅጠል አጨማዳጅ ቫይረስን በትምባሆ ላይ ሲያጠኑ ይህንኑ አይተዋል። በተበከለው ተክል ላይ ወራሪዋ ነጭ ዝንብ ከጤነኛው ተክል ይልቅ ረዘም ያለ ዕድሜ ኖራ፣ እጅግ ብዙ እንቁላል ጣለች። ተክሉ ነፍሳትን የሚያርቀውን ሽታ ማውጣት ቀንሶ ነበር። ቫይረሱ ለተሸካሚው ቤት አዘጋጀለት፤ ተሸካሚውም ቫይረሱን አዳረሰለት። ቤየሪንክ በዛፍ ዕባጭ ላይ ያዩት ዓይነት ነገር ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ ተክሉን የሚያዘው ቫይረሱ፣ ተጠቃሚዎቹ ደግሞ ቫይረሱና ነፍሳቱ ሁለቱም መሆናቸው ነው።

ሁሉም ቫይረስ ግን በአንድ መንገድ አይሄድም። የድንች ቅጠል ጠቅላይ ቫይረስ ወደ ክሽክሹ ሰውነት እንዲገባ ክሽክሹ በታመመው ተክል ላይ ለረጅም ጊዜ መምጠጥ አለበት። ለዚህ የሚስማማው የታመመው ድንች ሽታ ክሽክሽን መሳቡና በዚያ እንዲቆይ ማድረጉ ነው። የኪያር ሞዛይክ ቫይረስ ደግሞ በክሽክሹ አፍ ጫፍ ላይ ተጣብቆ በሴኮንዶችና በደቂቃዎች ውስጥ ይተላለፋል። በዚህ ቫይረስ የታመመ ዱባ በሽታው ክሽክሽን ይስባል፤ ክሽክሹ ቀምሶ ሲያጣጥም ግን ስለማይጥመው ቶሎ ይነሳና ወደ ጤነኛው ይበራል። መጥራቱም ማባረሩም ለቫይረሱ ይጠቅማል።

ይህ ለእኛ ማሳ ምን ይነግረናል?

ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ገዳይ የበቆሎ በሽታ የሚባለው የሁለት ቫይረሶች ጥምረት በ2011 በኬንያ፣ በ2014 ደግሞ በአገራችን መታየቱ ተመዝግቧል። አንዱን ትሪፕስና ጥንዚዛ፣ ሌላውን ክሽክሽ ያዛምቱታል። በ2006 ደግሞ በክሽክሽ የሚተላለፍ የሽምብራ አጫጪ ቫይረስ ለዓለም የታወቀው ከኢትዮጵያ በተገኙ የጥራጥሬ ናሙናዎች ነው። በርበሬና ድንችም በክሽክሽ በሚዛመቱ ቫይረሶች ይጠቃሉ። ከቤየሪንክ ሕይወትና ከዚያ ወዲህ ከተገኘው ዕውቀት በመነሳት ለአርሶ አደሩና ለወረዳና ቀበሌ ባለሙያዎች የሚጠቅሙ ነጥቦችን እናንሳ።

የመጀመሪያው የታመመ ተክል ቶሎ መንቀል ነው። አንድ የታመመ ተክል ማሳ ውስጥ ሲቆይ ጉዳቱ የአንድ ተክል ምርት ብቻ አይደለም። መከላከያው የላላ ስለሆነ ለተሸካሚው ነፍሳት መራቢያ ይሆናል፤ ከዚያ የሚነሳው ነፍሳት ሁሉ ቫይረሱን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ምልክቱ በጥቂት ተክሎች ላይ እንደታየ፣ በተለይ ሰብሉ ለጋ ሳለ፣ መንቀል ይገባል። ግማሹ ማሳ ከታመመ በኋላ መንቀል ግን ትርፉ ጥቂት ነው። የተነቀለውን በማሳው ዳር መጣልም ስሕተት ነው፤ ተክሉ ሲጠወልግ ነፍሳቱ ተነስተው ወደ ጤነኛው ይሄዳሉ። በማለዳ፣ ነፍሳቱ ሳይነቃቁ፣ ነቅሎ በከረጢት ከቶ ከማሳው ማራቅና መቅበር ይሻላል።

ሁለተኛው ከለጋው ቅጠል ጀምሮ መመርመር ነው። ቤየሪንክ እንዳሳዩት ምልክቱ ጎልቶ የሚወጣው በሚያድገው ክፍል ላይ ነው። በአሮጌው ቅጠል ላይ ብቻ የሚታይ ቢጫነት ብዙ ጊዜ የናይትሮጂን እጥረት ሊሆን ይችላል። እጥረት አብዛኛውን ጊዜ በማሳው ላይ ሰፋ ብሎ ይታያል፤ ቫይረስ ግን ሲጀምር እዚህም እዚያም በተበታተኑ ተክሎች ላይ ወይም ከማሳው ዳር ነው። ባለሙያው ሳይለይ ማዳበሪያ እንዲጨመር ቢመክር የአርሶ አደሩ ገንዘብ ይባክናል፣ በሽታውም ጊዜ ያገኛል። ማየር አፈሩንና ማዳበሪያውን ሲፈትሹ ዓመታት ሄደዋል፤ እኛ ግን የእሳቸውን ድካም መድገም የለብንም።

ሦስተኛው ርጭት ብቻውን መፍትሔ አለመሆኑ ነው። ቫይረስን የሚገድል የሰብል መድኃኒት የለም። በሴኮንዶች ውስጥ የሚተላለፉትን ቫይረሶች ኬሚካል አያስቆማቸውም፤ ክሽክሹ ሳይሞት አስቀድሞ ወግቶ ያስተላልፋልና። ያለ ልክ መርጨት ክሽክሽን የሚበሉ እንደ ባለ ነጠብጣብ ጥንዚዛ ያሉ ጠቃሚ ነፍሳትን ይጨርሳል። ነጭ ዝንብም ተደጋግሞ የተረጨውን ኬሚካል ትለምደዋለች። ነፍሳቱ በተክሉ ላይ ረጅም ጊዜ እየመጠጡ በሚያስተላልፏቸው ቫይረሶች ላይ ግን ርጭት ወቅቱን ጠብቆ በባለሙያ ምክር ከተደረገ ሊያግዝ ይችላል። ቫይረሱ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ሳይታወቅ ኬሚካል ማዘዝ ግን ወጪ ብቻ ነው።

አራተኛው ችግኝና ዘርን መጠበቅ ነው። የበርበሬና የቲማቲም ችግኝ መደብን ነፍሳት በማያሳልፍ ደቃቅ መረብ መሸፈን፣ መደቡን ከአሮጌ የበርበሬና የቲማቲም ማሳ ማራቅ ይጠቅማል። በበርበሬ ማሳ ዙሪያ አስቀድሞ በቆሎ መዝራትም ይረዳል፤ ከውጭ የሚመጣው ክሽክሽ መጀመሪያ በቆሎው ላይ አርፎ ሲወጋ በአፉ ጫፍ የያዘውን ቫይረስ እዚያው ይተዋል። ለድንች ደግሞ ሰብሉ አረንጓዴ ሳለ ጤነኛና ጠንካራ ተክሎችን በእንጨት ምልክት አድርጎ ለዘር የሚሆነውን ከእነሱ ብቻ መውሰድ ያስፈልጋል። ከምርት በኋላ ትንንሹን መርጦ ለዘር ማስቀረት በሽታን ከዓመት ዓመት ማሻገር ነው፤ የታመመ ድንች ትንንሽ ፍሬ ነውና የሚሰጠው።

አምስተኛው እጅና መሣሪያ ነው። እንደ ትምባሆው ያሉ ቫይረሶች በእጅ ይተላለፋሉ፤ ቲማቲምና በርበሬንም ያጠቃሉ። የደረቀ የትምባሆ ቅጠል እንኳ ቫይረሱን ይዞ ስለሚቆይ ሲጋራ ያጨሰ ወይም ትምባሆ የነካ ሰው ችግኝ ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና መታጠብ አለበት።

በመጨረሻም ለወረዳ ኃላፊዎች አንድ ነገር እንበል። የትምባሆው በሽታ የታወቀው ገበሬዎቹ አቤት ስላሉ፣ ጣቢያውም አቤቱታቸውን ተቀብሎ ስለመረመረ ነው። አርሶ አደሩ ያልተለመደ ምልክት አየሁ ሲል ናሙናውን በወቅቱ ወደ ምርምር ማዕከል ወይም ወደ ዕፅዋት ጤና ክሊኒክ መላክ የልማት ጣቢያው ሠራተኛና የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊነት ነው። ሪፖርቱ እስከ ሩብ ዓመቱ መጨረሻ ቢቆይ ቫይረሱ አይጠብቅም፤ በክንፍ ይሄዳልና።

የከሰረው ነጋዴ ልጅ ያላገኙትን ነገር ለአሥር ዓመት በልባቸው ይዘው ቆይተው በመጨረሻ አገኙት። የዛሬው አርሶ አደር እንዲህ መጠበቅ አያስፈልገውም። ነገ ማለዳ ወደ ማሳው ሲወርድ ለጋውን ቅጠል ገልብጦ ቢያይ፣ የታመመውንም ሳይውል ሳያድር ቢያስወግድ የምርቱን ግማሽ መንገድ ጠብቋል።